ሑስና ከጀርባ የወረደች ለት

ወሬውን ያመጣችው ሶረቲ ናት። ሶረቲ እኮ አዳማ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ሱቅ ያላት፣ ስኳር ስትመዝን ዓይኗ ሚዛኑ ላይ፣ ጆሮዋ መንገዱ ላይ የሆነች ሴት ናት። አንድ ጠዋት ዙለይካ ሳሙና ልትገዛ ብትሄድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ ዙለይካ፣ ከኔ አልሰሙም እሺ? አንዷ ሆስፒታል ሄዳ በዓይኗ አይታ ነው የነገረችኝ። ያቺ ፊዚዮ የሚሏት ልጅ የእናንተን መንትዮች መሬት ላይ በሆዳቸው ትደፋቸዋለች አሉ። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እሷ ‹ጎበዝ፣ ጎበዝ› ትላለች። የተሰፋ ነገር እኮ ሲጎተት ይተረተራል!» አለቻት።

ይቺ «ይተረተራል» የምትለዋ ቃል ዙለይካ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሳሙናውንም ረስታ ተመለሰች።

አይፈረድባትም። የልጅ ልጆቿ ዳሊያና ሑስና ሲወለዱ ከደረት እስከ እምብርት ተጣብቀው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው የመጡት። ዘጠኝ ወር እንደዚያው ኖሩ። ከዚያ ሐኪሞቹ ለያዩዋቸው። የቀዶ ጥገናው ለት ሰፈሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዱዓና ጸሎት ላይ ነበር። አሁን ከተለያዩ አምስት ወር ሆናቸው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሞላቸው ልጆች ግን መዳህ ቀርቶ በወጉ መቀመጥ አልቻሉም። ዳሊያ ትሻላለች። ትንሿ ሑስና ካስቀመጧት ቦታ እንደ እርጥብ ፎጣ ትተኛለች።

ዙለይካ ምን አደረገች? ምራቷ፣ የመንትዮቹ እናት፣ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ የቀጠሮውን ካርድ አንስታ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። ማታ ምራቷ «የት ገባ?» እያለች ቤቱን ስታተራምስ፣ አማቲቱም አብራ ፍራሽ ታነሳለች፣ አልጋ ስር ታጎነብሳለች፣ አይጥ ትረግማለች። ሁለት ቀጠሮ በዚሁ አለፈ። ሑስናም ከጠዋት እስከ ማታ የአያቷ ጀርባ ላይ ዋለች።

ሐሙስ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ዙለይካ ሑስናን ላለማውረድ ብላ የባጃጁ ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ ዘርፉ ዳሊያን አቅፋ ቦታውን ሞልታለች። ዘርፉ ሰውነቷም ምላሷም ሙሉ ነው። ባጃጁ መንገድ ላይ ቆሞ አንዲት ቦርሳ ያነገተች ልጅ ጫነ። ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ፣

«ሑስና! ዳሊያ!» ብላ ጮኸች። «አካም ጂርቱ፣ ደህና ነዎት እማማ! እኔ አያንቱ ነኝ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ። ሁለት ቀጠሮ ቀራችሁ እኮ። ካርዱ ጠፋ እንዴ?»

«አይጥ ወሰደው መሰለኝ» አለች ዙለይካ ወደ መንገዱ ዞራ።

«አይጥ በርበሬ መብላት ጀመረ እንዴ?» አለች ዘርፉ። ለካ ምስጢሩን ታውቃለች።

ዙለይካ እንደተነቃባት ስታውቅ ቁጣ ይሻለኛል አለች። «እሺ፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት! ስሚኝ ልጄ፣ ይሄ ጀርባ ስድስት ልጅ አሳድጓል። አንዱንም በሆዱ አልደፋሁም፤ ሁሉም ሄዱ። የነዚህ አባት ፈሪድ ይኸው ዛሬ ሻሸመኔ ድረስ ሲኖትራክ ይነዳል። አንቺ በስንት መከራ የተሰፋን ልጅ መሬት ላይ ጎትተሽ ብትተረትሪብኝስ?»

«እማማ፣ ቢፈሩ እውነትዎን ነው» አለች አያንቱ። «ግን ቆዳ ጨርቅ አይደለም። ጨርቅ ክሩ ካልያዘው ይለያያል፤ ቆዳ ግን ራሱን ነው የሚገጥመው። ቁስሉ ድኗል። የለያያቸው ሐኪም ራሱ አይቶ፣ ዳስሶ ነው ‹አሁን ጀምሩ› ያለን።»

«ታለቅሳለቻ!»

«ታለቅሳለች። እርስዎ ከባድ እንስራ ተሸክመው ሲያቃስቱ የተመቱ ይመስላል እንዴ?»

«የኛ ልጆች በሆዳቸው ሳይደፉ አድገው የለ?»

«ብቻቸውን ስለተወለዱ ነዋ። ማንም ሳያስተምራቸው ይገለበጣሉ፣ ይንፈራገጣሉ። እነዚህ ግን ዘጠኝ ወር መገልበጫ አልነበራቸውም።»

ዙለይካ ከንፈሯን መጠጠች። አላመነችም። ሰው ደግሞ በወሬ የገባበትን ነገር በወሬ ብቻ አይወጣም። አያንቱ ይሄ ገባት መሰለኝ፣ መውረጃዋን ትታ እቤት ድረስ ተከተለቻቸው። ልጆቹን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ፣

«እማማ ዘርፉ፣ ነጠላዎን ያውሱኝ» አለች። ሁለቱን አሮጊቶች ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ሆድ ለሆድ አጣብቃ፣ በነጠላው ጥብቅ አድርጋ አሰረቻቸው። «በሉ ተነሱ።»

ዘርፉ ክንዷን መሬት ላይ ተክላ «ጊዮርጊስ ድረስ!» ብላ ተነሳች። ቀጭኗ ዙለይካ እንደ ተሰቀለ ልብስ አብራ ተነሳች። ወደ በሩ ልትዞር ብትሞክር የዘርፉ አገጭ ትከሻዋን ይዞታል፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚታያት። ሁለቱም ተንገዳግደው ምንጣፉ ላይ ተዘረጉ። ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። ሶረቲ ሱቋን ጥላ በበሩ ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ተጋባን!» አለች ዘርፉ።

አያንቱም እየሳቀች፣ «እማማ ዙለይካ፣ ቅድም ሲነሱ እግርዎ ምን ሠራ?» ብላ ጠየቀች።

«ምን ይሠራል! ይቺ ዝሆን ጎትታኝ…» አለችና ዙለይካ ቆመች። ሳቋም አብሮ ቆመ። ሑስናን አየቻት። ዳሊያ ወፍራም፣ ሑስና ቀጭን። ዳሊያ ስትዞር ሑስና ትዞራለች። ዳሊያ ስትገፋ ሑስና ትገፋለች። ያን ሁሉ ወር የሷ እግር መሬት የሚባል ነገር ረግጦ አያውቅም።

«እና ከተፈታች በኋላስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ከተፈታች በኋላማ» አለች አያንቱ ነጠላውን እየፈታች፣ «እርስዎ ጀርባ ላይ ታሰረች።»

ዙለይካ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ጣሳውን ይዛ መጣች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ሰዳ ካርዱን አወጣችው። ካርዱ ቀልቷል። አያንቱ ተቀብላ ሦስቴ አስነጠሳት።

«በይ አሳዪኝ» አለች ዙለይካ። «ግን በቀስታ።»

አያንቱ አሳየቻት። ፎጣ ጠቅልላ ከሑስና ደረት ስር አደረገች፣ ሁለቱን መዳፎች ወደ ፊት አወጣች። «መጀመሪያ ትንሽ ደቂቃ፣ ግን በቀን ብዙ ጊዜ። ከጠገበች ትንሽ ቆይቶ ይሁን። አንገቷ ወደ እህቷ በኩል መዞር ነው የለመደው፤ ስለዚህ በዚያኛው በኩል ሆነው ይጥሯት። የሚተኙበትንም ጎን ያቀያይሩ። ማዘሉን አይተዉ፣ መዋያዋ ግን መሬት ይሁን። ትንፋሽ ካጠራት፣ ፊቷ ከገረጣ፣ ጠባሳው ከቀላ ወይ ካዠ፣ ወዲያው አቁመው ወደኛ ይምጡ። ዝም ብላ ከተነጫነጨች ግን፣ እየሠራች ነው።»

ከዚያ በኋላ የዙለይካን እልህ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው። ቀጠሮ ሲደርስ ከምራቷ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው ቀን ሑስና ሻይ እስኪፈላ አለቀሰች፤ ዙለይካ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቻለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ብቻዋን መደፋቷ አላስችላት ብሎ እሷም በሆዷ ተደፍታ ፊት ለፊቷ ተዘረጋች። ሶረቲም ለደንበኞቿ፣ «እትዬ ዙለይካ መሬት ላይ ተደፍተው ምላስ ያወጣሉ፣ ጤናም የላቸው» እያለች ስኳር መዘነች። ዙለይካ ስትሰማ ምላሷን ለሶረቲም አወጣችላት።

በወሩ ሑስና አንገቷን ቀና አድርጋ በግራም በቀኝም ማየት ጀመረች። ዳሊያ ዳኸች። በሁለተኛው ወር ሑስና በመዳፏ ገፍታ ደረቷን ከመሬት አነሳች፤ ዙለይካ የዚያን ለት ሩቅ መንገድ ላይ ላለው ፈሪድ ደውላ ማልቀስ ብቻ ስለሆነባት ሰውዬው ሰው የሞተ መስሎት ሲኖትራኩን ዳር አስይዞ ቆመ። ቀጥሎ ሑስና ያለ ድጋፍ ተቀመጠች፣ በሁለት እጇ ዳቦ ይዛ በላች፣ ወዳሰኛት ነገር ራሷ መዳህ ጀመረች። ተኝታ ታየው የነበረውን ዓለም ተቀምጣ ስታየው ለቅሶዋም ቀነሰ። የዙለይካ ወገብም ዕረፍት አገኘ። አሁን ሆስፒታል ወረፋ ላይ የምታገኛትን እናት ሁሉ፣ «ካርድሽን በርበሬ ውስጥ እንዳትከቺ! ቀጠሮ አትቅሪ፣ ልጅሽን አውርጃት» ትላለች። ስለ ዘርፉና ስለ ነጠላው ያልነገረችው ሰው የለም።

አረፋ ደረሰ። ግቢው በጎረቤት ሞላ። ዳሊያ ከወዲያ ጥግ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ቆማ እህቷን «ኡህ! ኡህ!» ትላታለች። ሑስናም ከወዲህ ባልዲ ተደግፋ ቆመች። ባልዲውን ለቀቀች። አንድ እግር አነሳች፣ ሁለተኛውን ደገመች፣ ከዚያ ዘጭ! መሬቱ ላይ በመዳፏ ወደቀች።

ሰው ሁሉ ሊያነሳት ግር አለ። ዙለይካ ብቻ ሁለት እጆቿን ጭኗ ስር ከታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ካለችበት አልተነሳችም።

«ኧረ እትዬ!» አለች ሶረቲ እጇን ወደ ልጅቱ ዘርግታ። «አንጀትዎ እንዴት ቻለ? ልጅቷ ወድቃ እያዩ ዝም? አላሳዘነችዎትም? ባነሳት ምን አለበት?»

ዘርፉ የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንሻት ሶረቲ! ዛሬ አንሻት። ነገ ትምህርት ቤት አዝለሽ አድርሻት፣ ስታገባም አዝለሽ ሙሽራው ቤት አስገቢያት፣ ስትወልድም እሷንም ልጇንም እዘያቸው። ያን የሚችል ጀርባ ከሌለሽ ግን እጅሽን ሰብስበሽ ዞር በይ፤ ልጅቷ መንገድ ላይ ናት!»

ሶረቲ እጇን ሰበሰበች፣ ዞርም አለች።