የወለቁ ጥርሶች ቆጠራ

ሰኞ ጠዋት፣ ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ሚልድሬድ አጅዋንግ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አንኳኩታ ገባች። ርዕሰ መምህር ኦዴሮ ሻዩን እየጠጣ የሳምንቱን ፕሮግራም ያይ ነበር። በእጁ ወንበሩን አሳያት። ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ቅዳሜና እሑድን የምትለውን ስታሰናዳ ነው የዋለችው፤ ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

«እንዴት አደሩ መምህር? ጉንፋኑ ተሻለዎ? እሰይ። ሐይቁም ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ ጀልባዎቹ በጊዜ ገብተዋል። ኦሜናው እንደ ጉድ ነው የተያዘው፤ ዳርቻው በሙሉ ዓሣ ተሰጥቶበት ሲያብለጨልጭ ሲያዩት… ዝናብ ብቻ አይምጣበት። የቢሮዎስ ጣሪያ? ማፍሰሱን ተወ? ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው… እኔ እንኳ የመጣሁት ለከባድ ነገር አይደለም። አንዲት መምህርት ላመሰግንልዎ ነው። ስሟን አልጠራም። ሲያመሰግኗት ታፍራለች።»

ኦዴሮ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እንዴት ያለች አዋቂ መሰለችዎ! አምና ኪሱሙ ድረስ ሄዳ ሦስት ቀን ሙሉ ሰልጥናለች። የቁጥር ድርድር፣ መረጃ መሰብሰብ፣ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ… ሰርተፊኬቷን በመስታወት አስገጥማ ከሰሌዳው በላይ ሰቅላዋለች፤ ልጆቹ ቀና ባሉ ቁጥር እንዲኮሩባት። ‹ልጆች፣ የሚደጋገመውን ፈልጉ! ቀጥሎ የሚመጣው ማነው? የሚያይ ሰው ድርድር አያመልጠውም!› ትላቸዋለች። እሷስ ታያለች። መነጽር ሁሉ ጨምራበታለች።»

መነጽሯን አወለቀችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። በትምህርት ቤቱ ሰርተፊኬቷን በመስታወት አስገጥማ የሰቀለች መምህርት እሷ ብቻ ናት፤ ኦዴሮ ማን እየታማ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ክፍሏ ውስጥ አፒዮ የምትባል ልጅ አለች። አፒዮ! መቼም እኔም እርስዎም ሉኦ ነን። አፒዮ የሚባል ልጅ ብቻውን ተወልዶ ያውቃል? ከመንታ ቀድማ የወጣችው አፒዮ፣ ተከትላት የመጣችው አዶንጎ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ‹አፒዮ› ሲባል ‹አዶንጎስ?› የማይል ሰው ይገኛል? ተገኘ እንጂ! እኛው ዘንድ፣ በቋሚ ቅጥር።

«ታዲያ ይህች አፒዮ ሰኞ በሦስት በሦስት እስከ ሠላሳ ታንበለብለዋለች። ማክሰኞ ‹እስቲ ቀጥዪ› ስትባል ሰምታው አታውቅም። ረቡዕ ትመጣና የሰኞውን ከነነፍሱ ታስታውሳለች፣ የማክሰኞው የለም። ታውቃለች፣ አታውቅም፣ ታውቃለች፣ አታውቅም… አንድ ቀን በቀኝ እጇ ትጽፋለች፣ በማግሥቱ በግራዋ። የኛ አዋቂ ምን አለቻት? ‹ጎበዝ፣ በሁለቱም እጅ መለማመድ ጥሩ ነው!› አለቻት። ይታይዎታል?

«እንዲያውም ትጉ ናት፣ ዝም አላለችም። ልጅቱን ግድግዳ አስደግፋ አቆመቻት። ‹ትናንት ያስተማርኩሽን የት ጣልሽው?› አለቻት። ልጅቱ ምን ትመልስ? ትናንት እኮ እቤቷ ነበረች! ከዚያ ለእናትየዋ ደብዳቤ ጻፈች። የጽሕፈቷን ነገር መቼም ያውቁታል፣ እንደ ታተመ ነው። ‹ልጅዎ ያደረ ትምህርት አይያዝላትም። ሁለተኛ ክፍልን ብትደግም ይሻላል።› ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተም… ማኅተሙ እንኳ የዚህ ቢሮ ነው፤ ሳያነቡ ነው የመቱልኝ። የመቱላት ማለቴ ነው።»

ኦዴሮ ወደ ማኅተሙ አላየም፤ ሻዩን አማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ መረጃ መሰብሰብ ልታስተምር ተነሣች። የሰባት ዓመት ልጅ ምን አለው? የወለቀ ጥርስ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም አፉን ይከፍታል፤ ለያንዳንዱ ክፍተት ሰሌዳው ላይ አንድ ሰረዝ። አራቱ ይቆማሉ፣ አምስተኛው በላያቸው ይጋደማል። ሰኞ ሃምሳ ሰባት ሆነ። ማክሰኞ ሃምሳ አምስት። መምህርቷ ተቆጣች። ‹የወለቀ ጥርስ ባንድ ሌሊት ይበቅላል እንዴ? ቁጠሩ እንደገና!› ቆጠሩ፤ ሃምሳ አምስት። ረቡዕ ሃምሳ ሰባት። ሐሙስ ሃምሳ አምስት። አርባ ስድስት ልጆች አፍ ለአፍ እየተያዩ ይቆጥራሉ፣ ይተያያሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ያውቃሉ እኮ! አርባ ስድስቱም ያውቃሉ። አንዷ ሁለት የፊት ጥርስ ወልቆላታል፣ የሌላዋ ገና ነው። ከዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር… ጠመኔውን የያዘው።

«ዓርብ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ ሲመጡ እርስዎ ሆማ ቤይ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አመለጥዎት። የአምስቱን ቀን ሰረዝ ሳታጠፋ አቆይታላቸዋለች። ልጆቹ መቁጠር አልሆንላቸው እንዳለ ልታሳይ ነው፤ እሷማ ምን ጥፋት አለባት? ዓርብም ሃምሳ ሰባት መጥቷል። ሰውየው ሰሌዳውን አይተው ፈገግ አሉና ‹ልጆች፣ ሰኞስ ስንት ይሆናል?› ሲሉ ክፍሉ በሙሉ፣ እንደ መዝሙር፣ ‹ሃምሳ አምስት!› አለ። ‹በምን አወቃችሁ?› ከፊት የምትቀመጠዋ ናኦሚ ብድግ አለችና ‹ሰኞ የአዶንጎ ተራ ነዋ! የአዶንጎ ጥርስ አልወለቀም› አለች። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሁሉም አፋቸውን ያዙ።

«ሱፐርቫይዘሩ ምን ቢጽፉላት ጥሩ ነው? ‹ተማሪዎቹ ድርድር የመለየት ችሎታቸው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ መምህርቷ ትመስገን።› አመሰገነቻቸው። ምን ታድርግ? ውሸት የለበትም እኮ። ትምህርቱ ገብቷል። ለአስተማሪዋ ነው ያልገባው።»

እዚህ ላይ አቆመችና እጇን ቦርሳዋ ላይ አሳረፈች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች። እናትየዋ መረብ ላይ የተሰጣውን ዓሣ ስታገላብጥ አገኘቻት። ከጀልባው ጥላ ሥር የአባቷን ሸሚዝ እስከ ጉልበቷ የለበሰች ልጅ አሸዋ ላይ ተንበርክካ በእንጨት ቁጥር ትጽፋለች፣ በግራ እጇ። መምህርቷን ስታይ ደንግጣ ተነሣች።

«መምህር፣ ዛሬ የኔ ቀን አይደለም፤» አለቻት። «እኔ ሰኞ ነኝ።»

እናትየዋ ደብዳቤውን ከቤት አወጣች። በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ቁጣ የለባትም፤ የምር ግራ የገባት ሴት ነበረች። «መምህር፣ ይቺ ወረቀት ለየትኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። «ማታ ማታ የዋለችው ያልዋለችውን ታስተምራታለች። እኔ ሁለቱም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»

ሚልድሬድ ደብዳቤውን ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሁንም እዚያው አለ። አንገቷን ቀና አደረገችና ፈገግታዋን መለሰች።

«ያች መምህርት ‹ለምን አንዷን ብቻ?› ብላ እናትየዋን ጠየቀቻት አሉ። ሰው አይፈር መቼም… እናትየዋ እኮ ጥር ላይ ሁለቱንም ልታስመዘግብ ይዛ መጥታ ነበር። ዩኒፎርሙ ግን አንድ ነው። በር ላይ አንድ ጥንቁቅ ሰው ቆሞ ነበር። የሱንም ስም አልጠራም፤ እሱም ያፍራል። ‹ዩኒፎርም የለበሰች ትግባ› አለ። ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ዩኒፎርም የለበሰችው ገባች። መምህር፣ እውነት ይናገሩ፣ እንዲህ ሳይሸራረፍ የተከበረ ትእዛዝ አይተው ያውቃሉ? ወላጆች ሥርዓት አያከብሩም የሚባለው ሐሰት ነው።»

ኦዴሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ፣ ጃካራንዳው ሥር፣ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። አንዷ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ አንዷ ሰፊ የወንድ ሸሚዝ።

«አዎ፣ እነሱ ናቸው። ዛሬ ሰኞ አይደል? ዩኒፎርሙን የለበሰችው አዶንጎ ናት፤ መዝገብዎ ላይ የለችም። መዝገብዎ ላይ ያለችው አፒዮ ናት፤ ዩኒፎርም የላትም። የትኛዋን እንደሚመልሱ ጨንቆኝ እኮ ነው በጠዋቱ የመጣሁት። እርስዎ ደንብ አዋቂ ነዎት፤ ይፍረዱ።»

ርዕሰ መምህሩ ኪሱን ደባበሰና መነጽሩን አወጣ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ መዝገቡን ከፍቶ ከአፒዮ ስም ሥር ባለው ባዶ መስመር ላይ ‹አዶንጎ› ብሎ ጻፈ። ‹ዩኒፎርም› የሚለው አምድ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ለሱ አያስቡ። ያች መምህርት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዳ ነበር። አንዷን ለካ፣ ስሟን ሰማና ‹መንታዋም ካለች ሌላ ልኬት አያስፈልገኝም› አላት። ልብስ ሰፊው እንኳ! አንዴ አይቶ! ረቡዕ ይደርሳል። እስከዚያ አንዷ በሸሚዝ ትቀመጣለች፤ ቆማ የምትማርበትን ግድግዳማ ጠግባዋለች… መቼም ሁለቱም።»

እስክሪብቶው አምዱ ላይ፣ ‹አላት› ለማለት፣ አንድ ሰረዝ ጣለ። ሚልድሬድ ተነሥታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች፣ ሁለት እጇን አጋጥማ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ያክብርዎ መምህር። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጆችዎን ያሳይዎ፤ ለትምህርት ሲደርሱም ልክ እንደዚያች መምህርት ያለች፣ ምንም ከዓይኗ የማያመልጣት፣ ታስተምርልዎ። በር ላይም ልክ እንደ እርስዎ ያለ አባት ይቀበላቸው… ምነው ዝም አሉ? አሜን ይበሉ እንጂ።»