የቁልቋል ዘመድ

ሥራ በያዝኩ ሰሞን የዱር ዕፅ ልሰበስብ ከሲሪንቃ ወደ ግራና ወረድኩ። የትኛው ዕፅ ከየትኛው እንደሚዛመድ በመልኩ ለመለየት ማንም አይቀድመኝም ባይ ነበርኩ። መንገድ ዳር የበቀለ ጦቢያው የሚባል ቁጥቋጦ ስቀነጥስ ነጭ ወተት ፈሰሰ። ቁልቋልም ወተት አለው፤ ስለዚህ አለቃዬ በሚያየው ወረቀት ላይ “የቁልቋል ዘመድ” ብዬ ጻፍኩ። ከመንገዱ አጠገብ ያለው ማሳ ባለቤት ጋሽ ይማም “ምን አልከው ልጄ?” አሉኝ። አነበብኩላቸው።

“ወተቱን አይተህ ነው?”

“እናንተስ ጡት የተጣባ ወንድም ነው ትሉ የለ?” አልኳቸው፣ የረታኋቸው መስሎኝ።

“እሱ ለሰው ነው። ዕፅን ፍሬውን ጠይቀው።”

የቁልቋል ፍሬ ሰበሩ፤ ውስጡ ሦስት ክፍል ነው። ከአጥሩ ጉሎ ቆርጠው ሰበሩ፤ እሱም ሦስት።

“ጉሎ እኮ ወተት የለውም!” አልኩ።

“ባይኖረውስ? ወንድሙ ነው።”

ቀጥለው ያበጠውን የጦቢያው ፍሬ ሲከፍቱት ሦስት ክፍል የለውም፤ ሐር የመሰለ ጸጉር ከነዘሩ ቦነነና ፊቴን ሞላው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

ጋሽ ይማም ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው መሩኝ። “በል ና፣ ወተት ጠጣ” አሉኝ። “አንተን እንኳ ያዛምድሃል።”