የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ

«ገና አላለቀም፣ ቲቸር። ግማሹ ላይ ደርሰናል፤ ማን እንደገደለው ግን አልታወቀም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በጥርሷ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ።

ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚላቸው ጡረተኛ መምህርት የሱቁ ደፍ ላይ እንደቆሙ ግራ ተጋቡ። የመጡት እንዲያጥርላቸው የሰጡትን ቀሚስ ሊወስዱ ነው። ቀሚስ ማሳጠር ደግሞ ገዳይ የለውም።

«ማን ነው የሞተው፣ ልጄ?»

«ሽማግሌው ነጋዴ ነዋ። ልጅዎ መጽሐፉን ተቀብለው እንዲመጡላት የላከችዎ መስሎኝ እኮ ነው።»

መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ የደረሱበት ገጽ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ሽፋኑ ላይ ጩቤ የተሳለበት ወፍራም ልብ ወለድ ተቀምጧል። አጠገቡ ካለው በርጩማ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ተጥሏል። ሻርፑን ያወቁት ወዲያው ነው፤ ለእህታቸው ልጅ ራሳቸው መርጠው የገዙት ነውና። ቲቸር ቀሚሱን ረስተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህችን ልጅ በልጅነቷ ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፊደል ያስቆጠሯት፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ መውሰድን፣ ድርብ ሰረዝ ላይ መቆየትን፣ አራት ነጥብ ላይ ዝም ማለትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንበርና አንድ መብራት አለ፤ ማታ ማታ አንዷ ስታነብ ሌላዋ ትሰማ ነበር። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሥራ ከያዘች ወዲህ ግን አንደኛው ወንበር ባዶውን ማምሸት ጀምሯል። ቲቸር «ሥራ በዝቶባት ነው» እያሉ ለራሳቸው ሲነግሩ ነበር የከረሙት። ለካስ ሥራው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ኖሯል።

የቲቸር ንባብ ሥርዓት አለው። የሚያነቡት ታሪክ ብቻ ነው፤ ነገሥታት፣ ጦርነት፣ ውል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። በቀይ እርሳስ ያሰምራሉ፤ መጨረሻው ገጽ ላይም እንደ ፈተና ወረቀት ከመቶ ማርክ ይሰጣሉ። እስካሁን ሰማንያ ያለፈ ደራሲ የለም። መጻሕፍቱ ሁሉ በቡኒ ወረቀት ተለብጠው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉም ከአንገታቸው አይወርድም። መጽሐፍ ያዋሰ ሰው መጽሐፉንም ወዳጁንም አጣ ማለት ነው ይላሉ።

ልጅቱ ስትገባ ቲቸር ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«ቀሚስሽ ላይ ክር አለ» አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

ልጅቱ ክሩን አነሳችና ሱቁ እንደታወቀባት ወዲያው ገባት። ደፍራ ለመናገር የማትቸኩል ዓይነት ልጅ ስለሆነች ከሱቁ ይዛ የመጣችውን ሻርፕ ማጣጠፍ ጀመረች።

«አሁን ስንት መጽሐፍ ነው የጀመርሽው?»

«አራት፣ እቴቴ።»

«ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል፤ አንቺ ጭራሽ አራት ወደድሽ።»

«እርስዎስ ለአራት ክፍል ያስተምሩ አልነበር? አንዱን ክፍል ስለወደዱ ሌላውን ጠሉ?»

«ክፍል ደወል አለው።»

«የኔም አለው» አለችና፣ በለሆሳስ ድምፅ አስረዳቻቸው። የወንጀል ልብ ወለድ ማታ ሱቁ ውስጥ ነው የምታነበው፤ የቀኑ ድካም አይታወቃትም። ግጥም ለምሳ እረፍት ይሆናል፤ አጭር ነው፣ ከሰዓቱን ሁሉ ግን በአፍ ውስጥ ይቆያል። የጉዞ መጽሐፍ አልጋዋ ውስጥ ነው፤ እግሯ ያልረገጠውን አገር እያየች ትተኛለች። የፍቅሩ ደግሞ ልብስ አጥባ እስኪደርቅ ለምትጠብቅበት ቅዳሜ ነው።

«ይኸስ ቁም ነገር ነው? ወደዳት፣ ከዳት፣ አለቀሰች። ምን ይማሩበታል?»

«የታሪክ መጽሐፍ ንጉሡ ጦር ሜዳ መሞቱን ነገረኝ። ያን ቀን ሚስቱ የሱን ሸሚዝ እየጣፈች እንደነበር የነገረኝ ግን ልብ ወለድ ነው። አንዱን ብቻ ባነብ ግማሹን ነው የማውቀው።»

ቲቸር ቀይ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ክርክር የተረታ ሰው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣል።

«ይሁን። ግን ለምን እዚያ? ለሷ? እዚህ ወንበር ጠፋ?»

ቅናት እንዲህ ነው፤ በገዛ ስሙ መጠራት አይወድም። የምሁር ካባ ደርቦ ስለ ቁም ነገርና ስለ ዋዛ ሲከራከር ያመሻል፤ ካባው ሲወልቅ አንዲት የተረሳች ሴት ትገኛለች።

ልጅቱ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ እዚህ ሳነብ እታረማለሁ። እዚያ ሳነብ ግን ይሰሙኛል። ፍቅር እያነበብኩ ስስቅ ከመነጽርዎ በላይ ሲያዩኝ፣ መጽሐፍ እንደ ሌባ በቦርሳዬ መደበቅ ጀመርኩ። እሷ ቀኑን ሙሉ እጇ የስፌት መኪናው ላይ ነው፤ ሲመሽ ዓይኗ ይደክማል። ማንበብ እየናፈቃት ትኖራለች። እኔ አነብላታለሁ፣ ልብስ ሊለኩ የመጡትም ተቀምጠው ይሰማሉ። ታሪክም አንብቢልን ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል አልኳቸው።»

ቲቸር እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ቁልፉን ጨበጡና ተነስተው ወደ መኝታቸው ገቡ።

በማግስቱ ቀሚሱን ሰበብ አድርገው ወደ ሱቁ ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም የልጅቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሽማግሌውን የገደለው ሰው ሊታወቅ ተቃርቧል። ቲቸር ላለመስማት ቢሞክሩም ጆሯቸው እምቢ አለ። አነባበቧ የራሳቸው ነው፤ አስፈሪው ቦታ ሲደርስ ድምፅን ዝቅ ማድረጉ፣ ከስም በፊት ትንሽ መዘግየቱ። አንዲት ደንበኛ እንዲህ ማንበብ ማን እንዳስተማራት ጠየቀቻት።

«እቴቴ ናቸው» አለች። «የሳቸውን ብትሰሙ የኔን ትተዉት ነበር።»

ከዚያ ገዳዩ ጋ ለመድረስ ጓጉታ መሮጥ ጀመረች። ቲቸር መታገስ አቃታቸው።

«አትሩጪ፤ እዚያ ጋ ድርብ ሰረዝ አለ» አሉ፣ ከውጭ ሆነው።

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ በርጩማ አቀረበችላቸው። «ቲቸር፣ ይግቡና ይፍረዱልን፤ ገዳዩ ማን ይመስልዎታል?» አለቻቸው። የወንድሙ ልጅ ነው ብለው በሙሉ ልብ ተናገሩ። ገዳዩ ግን ሐኪሙ ሆኖ ተገኘ። ቲቸር በዚህ ተናደው፣ መጽሐፉን ቤት ወስደው ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡት፤ በቀይ እርሳሳቸውም ሰማንያ አምስት ሰጡት።

ተቆልፎ የኖረ መጽሐፍ ንብረት ነው፤ የተነበበና የተዋሰ መጽሐፍ ግን ጎረቤት ይሆናል። ዛሬ በዚያ ሱቅ ውስጥ ቀሚስ ልትለካ የገባች ሴት የነገሥታት ታሪክ ሰምታ ትወጣለች፤ ስለ ንጉሡ የሰማችው ስለ ሚስቱ ትጠይቃለች፤ ቲቸርም ዓይናቸውን ጨፍነው ግጥም ይሰማሉ። የተዋሰው መጽሐፍ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ወዳጅ ግን እስካሁን አልጠፋም።

ያን ልብ ወለድ በመለሱበት ዕለት ቲቸር ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን የምትሰቅልበት ምስማር ላይ ሰቀሉት። በዚያው ምሽት ከቁም ሣጥኑ ያመጡትን መጽሐፍ ራሳቸው አነበቡ። በርጩማቸውን ያስቀመጡት ግን በልጅቱና በልብስ ሰፊዋ መካከል ነበር።