የባዶ ሆድ ትንፋሽ

አባ ቢሻው በእስራኤል አገር፣ በረሆቮት ከተማ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ አረፍ ሲሉ ከውሃ በቀር ምንም ካልቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጉልበታቸው ዝሏል፤ ልባቸው ግን አልዛለም። የሚሄዱት በአቅራቢያው ወዳለችው መዝከረት ባትያ፣ ልጃቸው ማናለሽ ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታየሽ አኩርፈው እዚያ ከገቡ ሳምንት ሆኗቸዋል።

የጠቡ ምክንያት አረቄ ነው። አባ ቢሻው ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም፤ እንዲያውም ለንስሐ ብለው በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ቀን ይጾማሉ። ሚስታቸው ግን «አፍህ ይሸታል፤ ተደብቀህ ትጠጣለህ» ብለው ወጡ። በስልክም «አሁንም አላምንህም» ሲሏቸው፣ ሽማግሌው ተናደው «እስክታምኚኝ እህል አልቀምስም!» ብለው ማሉ። የቁጣ መሐላ ክፋቱ፣ ሰው ሳያስብበት መግባቱ ነው።

የጎረቤታቸው የፈረደ ልጅ ሊራዝ፣ እዚያው ረሆቮት የምትማረው ተማሪ፣ ድንገት መጥታ ጉንጫቸውን ሳመች። ቀና ስትል ፊቷ ተለወጠ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እህል የቀመሱት መቼ ነው?»

«አንቺም ጠጣህ ልትዪኝ ነው?» ደማቸው ፈላ።

«ሐስ ቬሃሊላ፣ እግዜር ይጠብቀኝ! ጠጡ አላልሁም፤ አልበሉም ነው የምለው።»

«ሆድና አፍን ምን አገናኛቸው? ጥርሴን ጠዋት ማታ እፍቃለሁ። ሽታውን ይሸፍናል ብዬ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር አኝኬ ነበር።»

«ነጭ ሽንኩርቱን ካነሱ አይቀር፣ ጥርስዎን ፍቀውም በማግስቱ አልሸተተዎትም?»

«ሸትቶኛል፤ ምን ይዋሻል።»

«ከጥርስ አይደለማ! የበላነው ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ሳንባ ያደርሰዋል፤ ሳንባም በትንፋሽ ያወጣዋል። እህል ሲጠፋ ደግሞ ሰውነት የራሱን ስብ ያነዳል። ያኔ አሴቶን ይወጣል፤ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት። ለማያውቅ አፍንጫ አረቄ ይመስላል። እኔ ራሴ አምና ልቅጠን ብዬ ሥጋና እንቁላል ብቻ ስበላ፣ አብራኝ የምትኖረው ኖጋ ‹ጥፍርሽን ስትቀቢ መስኮት ክፈቺ እንጂ› አለችኝ። እኔ እቴ፣ ጥፍሬን መች ተቀባሁ!»

አባ ቢሻው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «አባቶቻችን ሲጾሙ ኖሩ። ማን ሰካራም አላቸው?»

«ሁሉም አብሮ ሲጾም ማን ማንን ያሸታል?»

«ቢሆንም ይታየሽ እስክታምነኝ አልበላም ብዬ ምያለሁ» አሉ በእልህ።

ሊራዝም ከርሳቸው የባሰች እልኸኛ ነበረች። «አባ፣ ባልበሉ ቁጥር ሽታው ይብሳል። ሽታው ሲብስ እማማ ይታየሽ አያምኑም። እሳቸው ካላመኑ እርስዎ አይበሉም። መጨረሻው ምንድን ነው?»

መጨረሻው ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ከሞቱ ይልቅ ሰካራም ተብሎ መቀበሩ አስፈራቸው። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈሩም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መጀመሪያ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ እንሂድና ሐኪም ይይዎ። የስኳር በሽታም እንዲህ ስለሚሸት ደምዎ ይመርመር። ከዚያ እንደሚነግሩዎት ጥቂት ጥቂት ይመገባሉ። ቤሰደር፣ እሺ?»

«ቤሰደር» አሉ አባ ቢሻው፣ እጃቸውን ለድጋፍ እየሰጧት።

ስኳራቸው ደህና ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ግን ሐኪም ሳያማክሩ እንዲህ ያለውን ጾም ሁለተኛ እንዳይደግሙት አጥብቃ አስጠነቀቀቻቸው። ዓርብ ዕለት፣ ሁለት ቀን ሲመገቡ ቆይተው፣ መዝከረት ባትያ ሄዱ። በር ላይ እንደቆሙ የሊራዝን ትምህርት አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«መሐላዬን አፍርሼ በልቻለሁ። የሸተተሽ አረቄ ሳይሆን ጾሜ ነው። ነይ አሽትቺኝ።»

ወይዘሮ ይታየሽ ተጠግተው አሸተቱ። ምንም የለም። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ተጸጽተው ነበር። በዚያው ዕለት ከባላቸው ጋር ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ አባ ቢሻው የሚጾሙት ሐኪም የፈቀደላቸውን ያህል ነው፤ በሌላው ቀን በሰዓታቸው ይበላሉ፤ ጉልበታቸውም ተመልሷል። ጎረቤታቸው አስቻለች በበኩሏ አባይ የሚባለው ባሏ እየጠጣ እንደሚገባ ልትከስ ስትመጣ፣ ወይዘሮ ይታየሽ ለክሱ ጆሮ አልሰጡም፤ ክሊኒክ አስላኩት። ሽታው ከስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ ሳይጎዳውም ተደረሰበት። አስቻለች ልታመሰግን ብትመጣ ወይዘሮ ይታየሽ ቆጣ አሉ።

«ሁለተኛ የባልሽ አፍ ሲሸትሽ፣ መጀመሪያ ‹በልተሃል ወይ?› በዪው። እኔ ይህን ባለመጠየቄ ባሌን ልገድለው ነበር።»