መርዶ በአስር ሰዓት

ከፓርክላንድስ ወደ ኢስትሊ በሚሄደው፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት የሕክምና ተማሪና አክስቷ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ የተፈተንነው መርዶ መንገር ነው፣ አክስቴ።»

«እሱም ትምህርት ሆነ?»

«አዎ። ልጇ የሞተባትን እናት ሆና የምትጫወት አክትረስ አመጡልን። ምንም ሳላድበሰብስ ‹ልጅዎ ሞቷል› አልኳት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«በስንት ሰዓት?»

«አስር ሰዓት ላይ።»

«መርዶ በማለዳ ነው እንጂ! ደግሞ ዘመድ ሳይሰበሰብ?»

«ሆስፒታል ነው እኮ። አልቅሳ እስክትጨርስ ዝም ብዬ ጠበቅኳት፣ ሶፍት ሰጠኋት። መምህሩ ጎበዝ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰዓቱ አለቀ፣ ወጣሁ።»

«ሴትዮዋን ማን ቤቷ አደረሳት?»

«አክትረስ ናት አልኩሽ እኮ!»

«ብትሆንስ?»

ለጓደኛዬ የወንድሟን መሞት ልነግራት ስልኬ ላይ የጻፍኩትን መልእክት ሳልልከው አጠፋሁት።