መኳንንት ፊት ላይ ያረፈው ማህተም

(ፍኖተ ሰላም፣ «ጮራ ፎቶ ቤት»፣ ከሰዓት በኋላ፤ ፎቶ አንሺው ይበልጣል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ እሑድ የልጃቸው የመኳንንት ሙት ዓመት የሆነው ወይዘሮ አንጓች አንድ የታተመ ፎቶ ይዘው ከፊቱ ቆመዋል።)

አንጓች፦ አልቀመጥም አልኩህ! ለመቀመጥ አልመጣሁም። ይሄን ጽሑፍ ከልጄ ፊት ላይ አንሳልኝና ልሂድ።

ይበልጣል፦ እትዬ አንጓች፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ሰው ይሰማል።

አንጓች፦ ይስማ! የፎቶ ቤትህን ስም ከነስልክ ቁጥሩ ልጄ ግንባር ላይ ጽፈህ፣ እኔ ነኝ ቀስ የምለው? ምነው፣ የሚሸጥ በሬ መሰለህ?

ይበልጣል፦ እሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሚዜ የሆነበት ሰርግ ፎቶ ሁሉ ላይ አለ። ዋተርማርክ ይሉታል። ሌባ ወስዶ የኔ ነው እንዳይል የሚመታ ማህተም ነው።

አንጓች፦ ታዲያ ጥግ ላይ አትመታውም ነበር?

ይበልጣል፦ ጥግ ላይ ከሆነማ ቆርጠው ይጥሉታል። መሀል ላይ ካላረፈ ዋጋ የለውም።

አንጓች፦ መሀል ላይ ደግሞ ልጄ ነበረ።

ይበልጣል፦ ነፍሱን ይማረው። ምን ልበልዎት...

አንጓች፦ ምንም አትበለኝ፤ ማህተም የሌለበትን አምጣ። እሑድ ድንኳን ውስጥ ምን ላቁም? ሰው ሻማ ሊያበራ ጠጋ ሲል ያንተን ስልክ ቁጥር እያነበበ ነው ነፍስ ይማር የሚለው?

ይበልጣል፦ ሌላ ፎቶ የለውም እንዴ? የመታወቂያው እንኳ...

አንጓች፦ የመታወቂያው! እሱ መኳንንት ነው? ግድግዳ ያስደገፉት እስረኛ እኮ ነው የሚመስለው። አብራችሁ አይደል ያደጋችሁት? ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነበር። በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ሚዜ ሆኖ፣ ስቆ የተነሳው ይሄ ነው። ሌላ የለኝም።

ይበልጣል፦ እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ይኸው፣ ጽሑፉን አጥፍቼ ፊቱን አስተካክዬዋለሁ። ጠጋ ብለው ይዩት። አላማረም?

አንጓች፦ ማነው ይሄ?

ይበልጣል፦ እንዴ! መኳንንት ነዋ።

አንጓች፦ አይደለም። ጥርሱስ? የገና ጨዋታ ላይ የእንጨት ሩር የሸረፋት ጥርሱ የት ሄደች?

ይበልጣል፦ ፊደሉ እላይዋ ላይ ነበር ያረፈው። ቦታውን ስሞላ በዚያው ጠፋች።

አንጓች፦ አፍንጫውም የሱ አይደለም። የወለድኩትን መቅበሬ አነሰና፣ የማላውቀውን ሰው ደግሞ ልታስለቅሰኝ ነው? ዋናውን አምጣ!

ይበልጣል፦ ዋናውን... ነገ ተረጋግቼ ልፈልግልዎት።

አንጓች፦ ትናንትም ነገ አልክ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ አለህ ወይስ የለህም?

ይበልጣል፦ የለኝም።

አንጓች፦ ምን አልክ?

ይበልጣል፦ የለኝም እትዬ። ማህተሙን የሚመታልኝ ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት ፕሮግራም ነው። ፎቶውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው አንዴ ከተጫኑት፣ የሰርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ባንዴ ማህተሙን ይመታዋል። «በዋናው ላይ ልተካው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር፣ በደንብ ሳላነብ እሺ አልኩት። ዋናው ሁሉ በዚያው ድራሹ ጠፋ።

አንጓች፦ ካሜራህ ውስጥስ?

ይበልጣል፦ እሱን አጥፍቼ ሌላ ሰርግ አንስቼበታለሁ።

አንጓች፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እሷስ የምትለቅመው ተርፏታል፤ አንተ ምኑን ትለቅማለህ?

ይበልጣል፦ ይራገሙኝ። ይገባኛል።

አንጓች፦ ርግማን ድንኳን ውስጥ አይቆምልኝም። ሙሽሮቹን ጠይቀሃል?

ይበልጣል፦ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አልበሙን ገልጫለሁ። የራሳቸውን ነው የመረጡት፤ የመኳንንት ትከሻው ብቻ ነው የሚታየው።

አንጓች፦ ወይኔ ልጄን! ቆይ... ቆይ እስቲ። ታድሎ በር ላይ የነበረውስ?

ይበልጣል፦ የቱ?

አንጓች፦ የቱ ትለኛለህ? አብሮህ ይሠራ የነበረው ታድሎ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት በሩ ላይ አግዝፎ የሰቀለው። ይኸው ፎቶ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለበትም። ከቀብሩ በኋላ ከገበያ ስመለስ እዚያ ቆሜ አየው ነበር። አንድ ቀን ታድሎ ወንበር አወጣልኝ። አስቀምጦልኝ ወደ ሥራው ገባ።

ይበልጣል፦ የዋህ መስሎ ነው! ሌባ እኮ ነው!

አንጓች፦ ከዚያ አንድ ቀን ስሄድ ፎቶው የለም። «የት አደረስከው?» ብለው «እንዲህ ያለ ፎቶ የለኝም እማማ» ብሎ መሬት መሬት አየ። ማን እንዳስወረደው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምነው፣ አንተም መሬት መሬት አየህ?

ይበልጣል፦ እኔ ነኝ ያስወረድኩት።

አንጓች፦ አንተ!

ይበልጣል፦ የኔ ፎቶ ነዋ! በፀሐይ ተንበርክኬ ያነሳሁትን፣ ስንለያይ በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ የራሱን ስም ጽፎ ሰቀለው። ይሄን ማህተም ያስጀመረኝ እሱ ነው። ሽማግሌ ፊት አቁሜዋለሁ። ነገ «የይበልጣል ፎቶ እጄ ላይ የለም» ብሎ በታቦት ይምላል። ይማላ!

አንጓች፦ እንግዲያው ንጹሑ ያለው እሱ ጋ ነው።

ይበልጣል፦ ቢኖረውስ መች ያወጣዋል? ካወጣው ሌባነቱን በገዛ አፉ አመነ ማለት ነው።

አንጓች፦ አንተ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ካልክስ?

ይበልጣል፦ እኔ? ሰርቆኝ? ሽማግሌ ለምኜ አስቀምጬ፣ ዞሬ ዋሽቼ ነበር ልበል? ከተማው ይስቅብኛል እኮ!

አንጓች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ይበልጣል፦ የያዝኩት እውነቴን ነው እትዬ!

አንጓች፦ እውነትህን ነው፣ ማን አይደለም አለህ? ግን አንተ ጠብቀህ አጠፋህብኝ፣ እሱ ሰርቆ አተረፈልኝ። ማንን ልራገም፣ ማንን ልመርቅ? እስቲ ንገረኝ።

ይበልጣል፦ እንዲህ አይበሉኝ።

አንጓች፦ እሑድ ትመጣለህ?

ይበልጣል፦ እንዴት አልመጣም? መኳንንት እኮ ነው!

አንጓች፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ና ግድ የለም። ፎቶው የሚቆምበትን ጠረጴዛ ባዶውን አኖረዋለሁ። ሰው «ምነው ፎቶው?» ሲለኝ «ይበልጣልን ጠይቁት» እላለሁ። በል ደህና ዋል።

ይበልጣል፦ ይቆዩ!

አንጓች፦ ምን ልቆይ? ሌላ አፍንጫ ልትቀጥልለት?

ይበልጣል፦ ይቆዩ አልኩ እኮ፣ በመኳንንት ይዤዎታለሁ! ስልኬ የት ገባ... ይኸው።

አንጓች፦ ለማን ነው የምትደውለው?

ይበልጣል፦ እየጠራ ነው።

አንጓች፦ ወንበሩን ወዲህ በለው።

ይበልጣል፦ ሄሎ፣ ታድሎ? ይበልጣል ነኝ። ለጠብ አይደለም፣ አትዝጋው። ያ የሰረቅከኝ የመኳንንት ፎቶ... ኧረ ቆይ፣ አትዝጋው በናትህ! ያ... ያ እኔ የሰጠሁህ ፎቶ። አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ፊትም እንዲሁ ነው የምለው።