በአርባ ሦስት ደብተር የተገለበጠ ስህተት

የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ባይጠፋብኝ ኖሮ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ባልተቀመጥኩ ነበር። ጸሐፊዋ ትርፍ ቁልፍ እስክታመጣልኝ ስጠብቅ፣ አንድ አዛውንት አናጢ ልጃቸውን አስከትለው መጥተው አጠገቤ አረፉ። ልጅቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«እንደምን አደሩ አባቴ? በደህና ነው?» አልኳቸው።

«ምን ደህና አለ ልጄ! ወላጅ አምጪ ተብላ ነው። የሒሳብ መምህሯን በተማሪ ሁሉ ፊት “ተሳስተዋል” አለቻቸው። ይቅርታ ካልጠየቀች ክፍል አትገባም፤ ለመልቀቂያ ፈተናው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ዛሬ እግራቸው ላይ ወድቃ ትታረቃለች።»

«መውደቁስ ቀላል ነው አባዬ» አለች ልጅቱ። «ፈተናው ላይ ግን ማን ያነሳኛል?»

እኔም በልጅነቴ ካልኩለስ ቀምሻለሁና ደብተሩን ተቀበልኳት። መምህሩ የሁለት ነገር ብዜት ሲሰጣችሁ የእያንዳንዱን ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም የለውጡን ፍጥነት፣ ፈልጋችሁ አባዙ ብለው አስተምረዋል።

«ኤክስ ስኩዌር ሲባዛ በኤክስ ኪዩብ» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «በሳቸው መንገድ ሄጄ፣ ኤክስን አንድ ባደርገው መልሱ ስድስት ይመጣል። መጀመሪያ አባዝቼ ከዚያ ዴሪቬቲቩን ስፈልግ ግን አምስት ነው። ያው አንድ ጥያቄ እኮ ነው!»

ልክ ነበረች። እኔ ግን ፈራሁ። የመምህሩ ክፍል ከአግዳሚው ሃያ እርምጃ አይርቅም፣ እኔም የወር ደመወዜን የምበላው በዚሁ ግቢ ነው።

«እኔ ካልኩለስ የሚሉትን አላውቅም» አሉ አዛውንቱ። «የማውቀው መምህር አባት መሆኑን ነው። አባት አይታረምም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እሱስ አይገባም አባቴ፤ በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ክፍላቸው ውስጥ አርባ ሦስት ልጅ አለ። ይህ ስህተት በአርባ ሦስት ደብተር ተገልብጧል። ለመሆኑ እርስዎ በሥራዎ ተሳስተው አያውቁም?»

አዛውንቱ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለውን የእንጨት ሜትር ዳሰስ አደረጉት።

«ይሄ አዲሱ ነው» አሉ ቆይተው። «የፊተኛው ጫፉ ተበልቶ አንድ ሴንቲ ሜትር ጎድሎት ኖሮ፣ ሳላውቅ በሱ እየለካሁ ለአንድ ሕንፃ ሃያ ስድስት በር ቆረጥኩ። ሁሉም አጠረ። የሕንፃው ዘበኛ ከመጀመሪያው በር ጀምሮ አይቶት ነበር። “ምነው ሳትነግረኝ?” ብለው፣ “እርስዎን የመሰለ ባለሙያ እንዴት ደፍሬ ላርም?” አለኝ። አክብሮኝ ነው፤ አክብሮ ገደለኝ።»

ይህን ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ደብተሩን አዩ፣ ከዚያ የጭንቅላታቸውን ባርኔጣ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አንቺም ብትሆኚ» አልኳት ልጅቱን፣ «ለብቻቸው ብትጠይቂያቸው ምን ነበረበት? ሰው በጉባኤ ሲነኩት ከመልሱ በፊት ክብሩን ነው የሚከላከለው።»

«ፈርቼ ነው ጋሼ። ቀኑ አለቀ ብዬ ስጨነቅ ከአፌ አመለጠኝ።»

በዚህ መሐል መምህሩ መጡ፤ ቀጭን ሰው ናቸው፣ እጅጌያቸው ጠመኔ ብቻ። አዛውንቱ ብድግ ብለው እጅ ነሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«መምህር፣ ልጄ በሰው ፊት መናገሯ ጥፋት ነው፤ ለዚያ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። ሒሳቡን ግን አብረዋት ይዩልኝ። የተሳሳተችው እሷ ከሆነች እኔው እቀጣታለሁ።»

ልጅቱ ይቅርታ ጠይቃ ሁለቱንም መንገድ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፈች። መምህሩ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

«እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ» አሉ። «የሒሳቡ መምህር ሲታመሙ ተኩልኝ ተባልኩ። ያልገባኝን ሰው እንዳልጠይቅ፣ አያውቅም እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ከተናገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

ለካ ከሁላችንም የበለጠ የፈሩት እሳቸው ኖረዋል!

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው፤ ያገኘችው እሷ ናት። ደብተራችሁን አውጡና እናርመው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ የማያነሱ ልጆች እጅ ማንሳት ጀመሩ፤ የታረመ መምህር የሚናቅ የመሰለን ሁሉ ተሳስተን ነበር። ስህተት በጊዜው ከተነገረ አንድ መስመር መሰረዝ ነው፤ በአክብሮት ከተደበቀ ግን ሃያ ስድስት በር ያበላሻል። ተናጋሪም ቦታ ይምረጥ፣ ሰሚም ጆሮ ይስጥ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለተማሪ ብቻ አይደለም።

አዛውንቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው፣ ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ የጥያቄ ወረቀት መክተቻ የሚሆን ሳጥን ከክፍሉ በር አጠገብ ሰቀሉ። መጀመሪያ የተከፈተ ዕለት እኔም ነበርኩ። ውስጡ አንዲት ወረቀት ብቻ ተገኘች፤ ጽሕፈቷ የመምህሩ ነው። «ነገ የማስተምረው ይህ ነው። ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ እባካችሁ እዩልኝ» ትላለች።